«ፊልም ነው» ብላችሁ አትለፉት

ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ፊልም ልጽፍላችሁ ነው። ምን አገናኘው አትበሉኝ፣ ይገናኛል።

ከመቱ ካርል ሆስፒታል እንጀምር። ከሁሩሙም ከአሌም ከቡሬም የሚመጣ ሕመምተኛ ስሙን ያውቀዋል። ካርል ማን እንደሆነ ስጠይቅ ግን ብዙ ወጣቶች «ሐኪም ይሆናል» ይሉኛል። ሐኪም አልነበረም፣ የፊልም ተዋናይ ነበር። ካርልሄንዝ በም እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በወጡት ሦስት የ«ሲሲ» ፊልሞች ላይ ወጣቱን የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሠርቷል። ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ እስከ ዛሬ ደጋግሞ የሚያያቸው ፊልሞች ናቸው።

ታዲያ ግንቦት 1981 (እ.ኤ.አ.) ይህ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ ውርርድ ያዘ። «ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳን በአፍሪካ ለተራቡት አንድ ማርክ አይሰጥም» አለ። በቁጥር ከሄድን ውርርዱን ያሸነፈው እሱ ነው፣ ከሦስት አንዱ አልሰጠም። ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጥቶ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሥራውን በምሥራቅ በኤረር ሸለቆ ጀምሮ በኋላ ወደ እኛ ወደ ኢሉባቦር ዘለቀ። መቱ ያለው የአብዲ ቦሪ የሕፃናት ማሳደጊያም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ተመልካቹ ነው። ኢትዮጵያ የት እንዳለች በቅጡ የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ለምንድን ነው? ሳሎኑ ገብቶ ለዓመታት አብሮት የኖረ «የራሱ ሰው» ስለጠየቀው ነው ባይ ነኝ። ይህ ስሜት ማሰሪያም ይሆናል። በም እ.ኤ.አ. በ1960 «ፒፒንግ ቶም» በተባለው ፊልም ላይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሲሠራ ፊልሙ ክፉኛ ተብጠልጥሏል። ቢሆንም «ፊልም አይቶ ማልቀስ ሞኝነት ነው» የሚለኝን ሰው ሆስፒታሉን አሳየዋለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የተማሪነት ዘመኔን የለወጠ ፊልም አለ። «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው። በምጥ ጊዜ በደረሰባቸው የፊስቱላ ጉዳት ምክንያት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይከተላል። አንዷ በእናቷ ቤት ጓሮ በተቀለሰች ጎጆ ተደብቃ ነው የምትኖረው። ለሰዓታት በእግሯ ተጉዛ፣ አውቶቡስ ይዛ፣ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ትደርሳለች። እዚያ እንደሷ ያሉ ብዙ ሴቶችን ስታይ ፊቷ ላይ የሚነበበውን መቼም አልረሳውም። በዓለም ላይ ብቻዋን አልነበረችም።

ፊልሙን ሳይ የጨነቀኝ ለማላውቃቸው ሴቶች አልነበረም። አንዷን የማውቃት መሰለኝ። አዳዳዬ ናት አልኩ። (አዳዳ በእኛ አገር የአባት እህት ናት።) ልጆች ሳለን አዳዳ ሁልጊዜ በር አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። አቦል ተጠጥቶ ቶና ሳይደርስ ተነስታ ትሄዳለች። ለቅሶ ቤት ውጭ ትቆማለች። «ኩላሊቷን ያማታል» ነበር የሚባለው፣ ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም። እኛ ልጆች ደግሞ፣ ለመናገር ያሳፍረኛል፣ ሽታውን ሸሽተን እቅፏ አንገባም ነበር። ሕክምና ተምሬ፣ የፊስቱላን ፈተና ጽፌ አልፌ፣ በሽታውን ከአዳዳ ጋር ያገናኘሁት ፊልም ካየሁ በኋላ ነው። መጽሐፉ ላይ በሽታው ነበር፣ በር አጠገብ የተቀመጠች ሴት ግን አልነበረችም።

የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል መቱ ከተከፈተ በኋላ እንድትሄድ ለመንኳት። እምቢ አለች። «እግዜር የሰጠኝ ነው፣ በስተርጅና ማን ፊት ልገለጥ?» አለችኝ። ብዙ አስረዳኋት፣ ሥዕል ሁሉ ሣልኩላት፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ፊልሙን በላፕቶፕ ከፈትኩላት። ሴቶቹ የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ እሷ ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ እምብዛም አትሰማም። እየተረጎምኩላት ግማሽ ድረስ ዝም ብላ አየች። ከዚያ «ይህች ልጅ የማን ልጅ ናት?» አለች። ጎጃም ይሁን ወሎ ግድ አልሰጣትም፣ የዘመድ አጠያየቅ ነበር የጠየቀችኝ። በሳምንቱ ሄደች። (ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።)

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ፊልም አይታ ስታለቅስ «ተይ፣ ፊልም እኮ ነው» አትበሏት። ማንን እንዳየችበት ጠይቋት። ምርመራ ክፍል ውስጥ በሃያ ደቂቃ የማላገኘውን እናንተ ሶፋ ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ፊልም ውስጥ ራስን ማግኘት መርምሮ እንደማወቅ አይደለም። ስትስቅ ወይም ስትስል ብቻ ሽንት የሚያመልጣት እናት ፊስቱላ ላይኖርባት ይችላል፣ ሕክምናው ሌላ ነው። ፊስቱላ የሚፈጠረው ምጥ ተጠምዶ ሲዘገይ የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛንና የማሕፀን በርን አካባቢ ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ የደም ዝውውር ሲያቋርጥ ነው። ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ከዚያ ቀንም ሌሊትም፣ ተኝታም ቆማም ይፈሳል። ሰገራ የሚያመልጣቸውም አሉ። ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ፊልሙ ራሱ ይህን አልደበቀም፣ ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም መፍሰሱ ያልቆመላት ልጅ አለች። ለአዳዳ ያንን ክፍል አልዘለልኩላትም። ተስፋ ሰጥቶ መልሶ መንጠቅ ከበሽታው የከፋ ነው።

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከወሊድ በኋላ ያለማቋረጥ ሽንት የሚፈሳት ሴት ካለች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናትም አልረፈደም። በሐምሊን ማዕከል ሕክምናው በነፃ ነው። መንገዱን የማታውቁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ሰሞኑን የወለደች ከሆነችማ አንድ ቀን አታሳድሩ፣ ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ ከተደረሰበት በሽንት ቱቦ ብቻ ሊገጥም ይችላል። ታክማ የዳነች ሴት ዳግም ካረገዘች የምትወልደው ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል መሆን አለበት። ምጥ ይዟት መሽቶ የነጋባትን ሴት ደግሞ «ይመጣል፣ ታገሺ» እያላችሁ ቤት አታቆዩ።

አዳዳ ዛሬ ቡና ሲፈላ ረከቦቱ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፣ በረካም ታስጠጣናለች። ስልክ በደወልኩ ቁጥር እናቴንና ልጆቼን ከጠየቀች በኋላ «ያቺ ልጅስ ደህና ናት?» ትለኛለች። የፊልሟን ልጅ ማለቷ ነው።