"ሆድ ይፍጀው" ያላችሁትን ማን ይስማው?

ውድ ወላጆቻችን፣ የተከበራችሁ ቄሶችና ሽማግሌዎች፤

እኛ በሐደራ ከተማ አማርኛንና የወገናችንን ቅርስ በአንድ ክፍል የምንማር ተማሪዎች ነን። ዘንድሮ በዚህች መጽሔት ላይ ስለ አእምሮ ጤና አስተያየታችንን ለመጻፍ ተስማማን። ርዕሱ ለብዙዎቻችሁ ደስ እንደማይል እናውቃለን። በሀገር ቤት "አእምሮውን ታመመ" ሲባል የሚታሰበው ጨርቁን ጥሎ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ሰው ነው። እኛ መናገር የፈለግነው ግን ቀን ሥራውን ስለሚሠራ፣ ልጆቹን ስለሚያሳድግ፣ ሌሊት እንቅልፍ ስለሚያጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችን አለ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንዳንድ ጊዜ "ኢትዮጵያውያን ስሜታቸውን መግለጽ አይችሉም" ሲባል እንሰማለን። በዚህ አንስማማም። በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን የሰማነውን ብቻ ስንጽፍ ሰሌዳው ሞላ። ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ አረረ፣ ልቤ ተሰበረ፣ መንፈሴ ታወከ፣ ጨነቀኝ ጠበበኝ። እነዚህን በዕብራይስጥ ለሐኪም እንንገር ብንል ግን ያልቁብናል። "ሆዴን ባር ባር አለኝ" የምትል እናት ወደ ሐኪም ስትሄድ የሆድ ምርመራ ይታዘዝላታል። ውጤቱም "ምንም የለብሽም" ይሆናል። እሷም አላመኑኝም ብላ ትመለሳለች። ሐኪሙ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቋንቋው ስላልገባው ነው። እንግዲህ ሕዝባችን የሐዘን ቃል አላጣም፤ ቃሉን የሚረዳለት ሰው ነው ያጣው።

ይህን እኛ ብቻ አላልነውም። በኢትዮጵያ በቡታጅራ ወረዳ ዶክተር አታላይ ዓለምና የሥራ ባልደረቦቻቸው የገጠሩን ሕዝብ ጠይቀው ያደረጉት ጥናት በ1999 ታትሟል። እዚያ ሰዎች የአእምሮ ሕመም ምልክት ነው ብለው በብዛት የጠቀሱት መለፍለፍን፣ መማታትንና እንግዳ ጠባይን ነበር። ለሥጋ ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን የባህል ሕክምናን ይመርጡ ነበር። እኛ ከዚህ የተረዳነው፣ በዝምታ የሚሠቃይ ሰው እንደ ታማሚ ሳይቆጠር ሊቀር እንደሚችል ነው።

እዚህ በእስራኤል ደግሞ ራፋኤል ዩንግማን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከሌሎች ጋር ሆነው ከኢትዮጵያ የመጡ ታካሚዎች ስለ ጭንቀታቸው የሚሉትንና ሐኪሞቻቸው የተረዱትን ጎን ለጎን አስቀምጠው መርምረዋል። ይህም በ1999 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ራስዎን ያምዎታል ወይ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው፣ ሆድዎን ይረብሽዎታል ወይ እያለ ይጠይቃል። ዩንግማን ከኢትዮጵያዊው የአእምሮ ሐኪም ከዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ይህን መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን አነጋገርና ባህል እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተውታል፤ ሥራውም በ2008 ታትሟል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የእናቶቻችን አነጋገር ምሁራን ቁጭ ብለው የሚያጠኑት እውቀት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ዝምታ ነው። በባህላችን ጨዋ ሰው ገመናውን አያወጣም፤ "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ይችላል። ይህን ጨዋነት አንንቅም። አያቶቻችን ከጎንደር ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡት፣ በገዳሪፍና በኡም ራኩባ የስደተኛ መጠለያዎች ማንነታቸውን ደብቀው የቆዩት ምሥጢር መጠበቅ ስለቻሉ ነው። ያኔ ዝምታ ሕይወት አድኗል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ብዙዎች ወደዚህ መጡ፤ በመንገድና በመጠለያዎቹ ግን ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ መታሰቢያቸው ይደረጋል። በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ አያቶቻችን ሲያለቅሱ እናያለን። ቤት ስንመለስ ግን "ማንን አጥታችሁ ነው?" ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ "ተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው" ይሉናል። ብዙዎቹ ወላጆቻችን ደግሞ በሌላ መንገድ መጥተዋል፤ ግማሹ ቤተሰብ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ጠብቀዋል። የእነሱም ዝምታ ከአያቶቻችን አያንስም።

ጋዲ ቤን ዔዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሱዳን በኩል የመጡ ወጣቶችን ታሪክ ሰምተው በ2002 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አውጥተዋል። ከታሪኮቹ ውስጥ ሦስት ነገር አግኝተዋል፤ የአይሁድነት ማንነትን፣ መከራንና ጀግንነትን። እኛ ይህን ስንማር ደነቀን። እናንተ መከራውን ከእኛ ለመሸሸግ ስትሉ ዝም ስትሉ ጀግንነታችሁም አብሮ ይሸሸጋል። ያኔ አንድ ሰው በመንገድ ላይ ሲሰድበን የምንመልሰው ነገር አይኖረንም።

መናገር ጤና ይሰጣል ወይ? ለሚሉን፣ በ1986 በአሜሪካ ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉትን እንጠቅሳለን። ተማሪዎችን ለአራት ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር አስጻፏቸው። የሆነውንና የተሰማቸውን አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ሆኖም ሌሎች ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰውን ከመከራው ማግስት አስገድዶ ማናገር አይጠቅመውም። ስለዚህ "ዛሬውኑ ሁሉን ንገሩን" አንልም። በጊዜያችሁ፣ በምትወዱት መንገድ፣ ቡና እየተፈላ ቢሆንም ይሁን እንላለን። ደግሞም ሰው ሰብስቦ ሐዘንን ማስተንፈስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። መርዶ በወጉ የሚነገረው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ የተጣላ በሽማግሌ የሚታረቀው ለምን ሆነና? አባቶቻችን ሐዘን ብቻውን የሚያዝ ነገር እንዳልሆነ ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር።

ሦስተኛው ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ወላጆቻችንን ይዘን ኩፓት ሆሊም እየሄድን አስተርጉመናል። ለጉንፋንና ለጉልበት ሕመም ብንረዳ ደስ ይለናል። ለልብ ሐዘን ግን አንሆንም። ከመካከላችን አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ሳለች ሐኪሙ "እናትሽን መኖር ሰልችቷት እንደሆነ ጠይቂያት" አላት። ልጅ ይህን እንዴት ትጠይቅ? እናትስ ለልጇ እንዴት ትመልስ? እናቲቱ "ደኅና ነኝ በዪው" አለች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ልጅን ማስተርጎም ለሕክምናውም አደገኛ ነው። ግሌን ፍሎሬስና ጓደኞቻቸው በ2003 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት በ13 የሕክምና ቀጠሮዎች ላይ 396 የትርጉም ስሕተት ተገኝቷል። ካስተረጎሙት አንዷ የ11 ዓመት እህት ነበረች። ሙያው የሌላቸው ሰዎች የሚሠሩት ስሕተት በሕክምናው ላይ ጉዳት የማምጣት ዕድሉ ከባለሙያ አስተርጓሚ ስሕተት የበለጠ ነበር። በሀገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕዝቡ ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዟል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮም የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሆሊም በኩል የሚሰጥ መብት ሆኗል። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

"ይህ ነገር ለእኛ ሕዝብ አይሆንም" ለምትሉ ደግሞ ከከተማችን ምስክር አለን። ሕዝባችን ወደ እስራኤል ሲመጣ ስኳር በሽታን እምብዛም አያውቀውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በብዙ ቤት ገባ። በ1998 እዚሁ ሐደራ በሚገኘው በሂለል ያፌ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ "ቴኔ ብሪኡት" የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ቴኔ በዕብራይስጥ ቅርጫት ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን "ጤና" ይላል። የማኅበሩ ሥራ ሕዝባችንን በገዛ ቋንቋውና በባህሉ ስለ ጤና ማስተማር ነበር። ዛሬ አያቶቻችን በሠርግ ቤት ሳይቀር "ስኳር አለብኝ፣ ይህን አልጠጣም" ብለው ያለ እፍረት ይናገራሉ። ስለ ደም ስኳር የተቻለው ስለ ልብ ሐዘን የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ በመላ ሀገሪቱ ወታደሩም ተማሪውም ስለ ሥነ ልቦና እርዳታ በግልጽ ሲናገር እንሰማለን። የእኛ ቤት ብቻ ለምን ዝም ይላል?

ስለዚህ ሦስት ልመና እናቀርባለን።

ወላጆቻችን ሆይ፣ የውስጥ ጭንቀት ሲኖራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ እኛን ሳይሆን ትልቅ ሰው የሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። እኛም ስንጨነቅ "ምን ጎደለህ? በልተህ ታድራለህ" ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ስሙን።

ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ የእናንተ አንድ ቃል ከመቶ ወረቀት ይበልጣል። በጸሎት ቤትም ሆነ በሲግድ ጉባኤ ላይ እርዳታ መሻት ነውር እንዳልሆነ ተናገሩልን። ሕመምተኛው በጸሎትም ይበርታ፣ ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" ያላችሁን እናንተው ናችሁ።

ሁላችሁም፣ አማርኛውን ንገሩን። እኛ ቋንቋውን የምንማረው ለፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ከመካከላችን ነርስ፣ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሆን ይኖራል። ያኔ አንዲት አሮጊት "ሆዴን ባር ባር አለኝ" ስትል ከወረቀቱ ቀና ብሎ "እማማ፣ ማን ናፍቆዎት ነው?" የሚላት ሰው እንድትኖራት እንፈልጋለን።

የከተማችን ስም በአማርኛ ስንጠራው "አደራ" ይመስላል። እናንተም ለእኛ፣ እኛም ለእናንተ አደራ ነን።