አሮጌውን ፕሌይስቴሽን አትሽጡት

ልጆች ሲያድጉ ወይም አዲስ ሞዴል ሲመጣ ከቤት ቶሎ ከሚወጡ ዕቃዎች አንዱ ፕሌይስቴሽን ነው። ጆይስቲኩ ሲላላ፣ የኳስ ጌሙ የተጫዋቾች ዝርዝር ሲያረጅ፣ ማሽኑ ከነገመዱ በፌስታል ይጠቀለልና በተገኘው ዋጋ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ያን ዕቃ ለመሸጥ ላሰባችሁ ነው። በተለይ ፕሌይስቴሽን 3 ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትቸኩሉ። ከቴሌቪዥናችሁ ሥር የተቀመጠው ዕቃ የቤተሰቡን ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና የሰበሰባችሁትን ፊልም ሁሉ ሊያሳይ የሚችል፣ በደንብ የተሠራ ማጫወቻ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ለዚህ ሥራ አንድም ቀን ሳይጠቀምበት ይሸኘዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከፕሌይስቴሽን 2 ነው። ሶኒ ይህን ማሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ጃፓን ውስጥ በ39,800 የን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዲቪዲ ማጫወቻ ገና የብዙ ሰው ቤት አልገባም ነበር። ጌም የሚፈልገው ልጅና ፊልም የሚፈልገው አባት በአንድ ዕቃ ተስማሙ። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በጌም ማጫወቻዎች ታሪክ ቀዳሚውን ቦታ የያዘው በጌሞቹ ብቻ አይመስለኝም፤ ወላጅን ለማሳመን ዲቪዲው ብዙ ረድቷል።

ፕሌይስቴሽን 3 በኖቬምበር 2006 ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣውን ብሉ ሬይ የተባለ ዲስክ ማንበቢያ ይዞ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ባለ 20 ጊጋባይቱ 499 ዶላር፣ ባለ 60 ጊጋባይቱ 599 ዶላር ነበር፤ ተወደደ ተብሎ ብዙ ተወቀሰ። ሆኖም በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው የሳምሰንግ ብሉ ሬይ ማጫወቻ፣ ፊልም ከማሳየት ሌላ ሥራ ሳይኖረው፣ 1,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የብሉ ሬይ ተፎካካሪ የነበረው የኤችዲ ዲቪዲ ዲስክ ባለቤት ቶሺባ በፌብሩዋሪ 2008 ከገበያው ሲወጣ፣ በጌም ስም በየሳሎኑ የገባው ፕሌይስቴሽን 3 ለብሉ ሬይ ማሸነፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

እኛ ዘንድ ብሉ ሬይ ሥር አልሰደደም። ከዲቪዲ በቀጥታ ወደ ፍላሽ ነው የተሻገርነው። ፊልም ከሚጭነው ልጅ ሱቅ ሄደን ፍላሻችንን እንሰጣለን፣ ሞልቶ ይመለስልናል። ፕሌይስቴሽን 3ን የምወድለት ምክንያት ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ላይ መያዙ ነው። የሙዚቃ ሲዲ ያነባል፣ ዲቪዲ ያነባል፣ ፍላሽ ያነባል፣ ፎቶ ያሳያል። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ፊልምንም በቤት ውስጥ ዋይፋይ ስቦ ቴሌቪዥን ላይ ያወጣል። ይህ የመጨረሻው ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ራውተሩ በርቶ ሁለቱን ካገናኘ ይበቃል፣ ከፓኬጃችሁ አንድ ሜጋባይት አይቆረጥም።

ጥቅሙን በደንብ ያየሁት አክስቴ ቤት ነው። የሰርጓ ዲቪዲ ከአልበሙ ጋር በቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ ሙሽሮቹ በልብ ቅርጽ ውስጥ ተነሥተው፣ ዲስኩ ላይ የስቱዲዮው ልጅ በማርከር «ክፍል 1» ብሎ ጽፎበታል። የድሮው ዲቪዲ ማጫወቻ ከተቃጠለ ቆይቷል። የልጇ ላፕቶፕ የዲስክ መክተቻ የለውም፣ አዲሱ ቴሌቪዥንም እንዲሁ። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ጠርዝ ጠርገን ፕሌይስቴሽኑ ውስጥ ስንከተው «ይሄ የልጁ የኳስ ዕቃ አይደል እንዴ?» አለች። ትንሽ አጉረምርሞ ከፈተው። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቆመው ሲመርቁ ድምፃቸው ሳሎኑን ሞላው። ልጇ ስታርትን ሲጫን ምስሉ ቆመ፣ ኤል 2ን ሲጫን ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ምርቃቱን ደጋግማ አስመለሰችው። በጌም የተነሣ ስትቆጣው የኖረችው ልጅ በዚያ ከሰዓት የቤቱ ባለሙያ ሆነ።

እንዲህ ያለ ዲስክ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ያገባን፣ ልጅ ክርስትና ያስነሣን፣ የተመረቅን ሰዎች ማስታወሻችን በዲቪዲ ነው የተሰጠን። ቤት ውስጥ የተቀረጸ ዲስክ ደግሞ እንደ ፋብሪካው አይደለም፤ ሙቀትና ብርሃን ይጎዳዋል፣ በዝግታም መነበቡን ያቆማል። ስለዚህ ማሽኑ እያነበበው ሳለ ማየት፣ አይቶም ወደ ፋይል ማስገልበጥ ያስፈልጋል። የዲስክ መክተቻ ባለው ኮምፒውተር ዲስኩን ስትከፍቱት ቪኦቢ የሚል ቅጥያ ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት የማይበልጡ ፋይሎች ታገኛላችሁ። እነሱን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ቅጥያቸውን ወደ ኤምፒጂ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ፕሌይስቴሽን 3 ይከፍታቸዋል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነው፤ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው። አዲስ አበባ የተዘጋጀ የሰርግ ዲቪዲ በፖስታ ዋሽንግተን ደርሶ፣ እዚያ በተገዛ ፕሌይስቴሽን 3 ውስጥ ሲገባ አይሠራም። ብዙ ሰው ዲስኩ የተበላሸ ይመስለውና ይጥለዋል። ዲስኩ ግን ደኅና ነው፤ ማሽኑ ነው የፓልን ዲቪዲ የማይቀበለው። አውሮፓ የተገዛው ማሽን ሁለቱንም ያሳያል። መፍትሔው ዲስኩን ወደ ኤምፒ 4 ፋይል አስቀይሮ በፍላሽ መላክ ነው። እባካችሁ እዚያ ላለች እህታችሁ ዲስክ ከመላካችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ፍላሹም የራሱ ሕግ አለው። በፋት 32 ፎርማት ካልተደረገ ፕሌይስቴሽን 3 አያየውም፤ በዚህ ፎርማት ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። ኤምኬቪ የሚባለውንም ዓይነት ፋይል አይከፍትም። ብዙ ሰው «ይሄ ማሽን ፊልም አያጫውትም» ብሎ የሚተወው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። የሚጭንላችሁን ልጅ «በኤምፒ 4 አድርግልኝ፣ ከ4 ጊጋ አይብለጥ» በሉት፤ ይገባዋል። የውስጥ ሃርድ ዲስኩ ቢሞላ ወይም ቢሞት ደግሞ ተራ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ በትልቅ ሊቀይረው ይችላል።

የጌም ማሽን ለፊልም ሲውል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳዩት ከሁሉም በላይ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ተጠቃሚዎች ናቸው። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ የኮምፒውተር አንጎል ነበረው፤ 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ሚሞሪ። ዲቪዲ ለማየት እንኳ ሪሞቱን ለብቻ መግዛት ያስፈልግ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ግን ማሽኑን ከፍተው ኤክስቢኤምሲ የተባለ ማጫወቻ ጻፉለት። ኩባንያው አልፈቀደላቸውም፣ አልከፈላቸውምም። የመጀመሪያው ሙሉ ሥሪት በ2004 ወጣ፤ ፊልም፣ ሙዚቃና ፎቶ ከቤት ኔትወርክ እየሳበ በቴሌቪዥን ያሳይ ነበር። ያ ሥራ በ2014 ኮዲ የሚል ስም ይዞ ዛሬ በየስልኩና በየቴሌቪዥን ሳጥኑ ላይ ይገኛል። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ፕሮግራም የተወለደው ባለቤቶች «ይህ የገዛነው ዕቃ ከዚህ የበለጠ ይሠራልናል» ብለው በመነሣታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳስበኛል። ፕሌይስቴሽን 4 በኖቬምበር 2013 ሲወጣ ከቤት ኔትወርክ ፊልም መሳብ አይችልም ነበር፤ የሙዚቃ ሲዲም አያነብም። ከቀድሞው ያነሰ ማሽን በመሸጡ ተጠቃሚዎች አጉረመረሙ፣ ሶኒም ሚዲያ ማጫወቻውን የጨመረው በጁን 2015 ነው። በ2020 የመጣው ፕሌይስቴሽን 5 በሁለት ዓይነት ተሸጠ፤ አንደኛው የዲስክ መክተቻ የለውም። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም እንዲሁ። መንገዱ ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በእጅ የሚያዝ ነገር እየቀረ፣ ሁሉም ከኩባንያው መደብር በኢንተርኔት እንዲመጣ።

መደብሩስ ምን ያህል ይታመናል? ሶኒ በኦገስት 31 ቀን 2021 በፕሌይስቴሽን መደብር ፊልም መሸጥና ማከራየት አቆመ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጀርመንና ኦስትሪያ ላሉ ደንበኞች የስቱዲዮካናል ፊልሞች፣ የተከፈለባቸውም ጭምር፣ ከማኅደራቸው እንደሚወጡ አስታወቀ። ምክንያቱ የፈቃድ ውል ነበር። ውሉ የኩባንያዎቹ ነው፤ ገንዘቡ ግን የገዢው ነበር። ሰው ከፍሎ የወሰደውን ፊልም ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ ከቤቱ የሚያወጣበትን አሠራር ልማድ ብለን መቀበል የለብንም። ሰዓት እየጠበቀ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት የምንኖር እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ልንቃወመው ይገባል። የአክስቴን የሰርግ ዲስክ ማንም ውል አፍርሶ ሊወስድባት አይችልም።

ወደ አሮጌው ማሽን ስመለስ፣ ሰዎች የሚያነሡበትን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው የመብራት ፍጆታው ነው፤ ይህም እውነት ነው። ትልቁ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 3 ሥራ ላይ ሲሆን 200 ዋት ገደማ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮሃል። በ2009 የወጣው ቀጭኑ ፍጆታውን ወደ ሁለት ሦስተኛ አውርዷል። ከቴሌቪዥን ጀርባ የምትሰካ ትንሽ ማጫወቻ ግን ጥቂት ዋት ብቻ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ፕሌይስቴሽን የሌለው ቤት ለፊልም ብሎ አይግዛ፤ ርካሿ ሳጥን ትበቃዋለች፣ ኤምኬቪም ትከፍትለታለች። እኔ የምለው ዕቃው ላለው ሰው ነው። ዘፈን ቀኑን ሙሉ ለማስደመጥ ማሽኑን አታብሩት፤ ለሰርጉ ዲስክ፣ ለቅዳሜ ማታ ፊልም ግን የሁለት ሰዓት መብራት አያጎድላችሁም።

ሁለተኛው የመብራቱ መቆራረጥ ነው። ፋይል እየገለበጠ ሳለ መብራት ከሄደ ሃርድ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል። ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ካለ በዚያ ይሰካ፤ ከሌለ ፋይሉን በማሽኑ ውስጥ ከማከማቸት ከፍላሹ ላይ ማየት ይሻላል። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳታነቡ የእኛ 220 ላይ አትሰኩት።

ሦስተኛውና ከባዱ የወላጆች ስጋት ነው። «ይህ ዕቃ ልጄን አበላሸብኝ» የሚሉ እናቶችን ብዙ ሰምቻለሁ፤ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውል ከሆነ ቁጣቸው ተገቢ ነው። ግን ማሽኑን ቆልፎ ማስቀመጥ ልጁን ወደ ውጭ ጌም ቤት ነው የሚገፋው። ዕቃው የቤተሰቡ ሁሉ ሲሆን የሚታይበት ሰዓት ይኖረዋል፤ አያት የሚፈልጉት መንፈሳዊ ፊልም፣ እናት የምትፈልገው ድራማ፣ ልጁ የሚፈልገው ኳስ በተራ ይገባሉ። ልጁ ለብቻው የሚሸሽበት ዕቃ መሆኑ ይቀርና ሌሎችን የሚያስተናግድበት ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የቁም ሣጥኑን ዲስኮች አውጡና አንድ በአንድ ሞክሯቸው። የሚያነበውን ወደ ፋይል አስገልብጡ፤ አንዱን ቅጂ ቤት፣ አንዱን ዘመድ ጋ አስቀምጡ። ወደፊት አዲስ ማሽን ለመግዛት ስትነሡም ሻጩን ስለ ጌሙ ብቻ አትጠይቁት። ዲስክ ያነባል? ከፍላሽ ያጫውታል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ለሦስቱም «አይ» የሚል መልስ ያለው ዕቃ ላይ ገንዘባችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ። አምራቾች የሚሰሙት የገዢን ምርጫ ነው፤ እኛም ገዢዎች ነን።