ሜትር ይዘው ሜዳ የገቡት

ለመሆኑ 10 ሳንቲ ሜትር ለወንድም ለሴትም እኩል ነው? “ምን ማለትህ ነው? ሜትር ደግሞ ጾታ አለው እንዴ?” ትሉኝ ይሆናል። አለው! ነገሩ ወዲህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ2021 ክረምት ላይ በቡልጋሪያዋ የወደብ ከተማ በቫርና የአውሮፓ የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር። የዓለም አቀፉ እጅ ኳስ ፌዴሬሽን የያኔው ደንብ ለወንዱ ተጫዋች “ቁምጣህ እጅግም አይስፋ፤ ከጉልበትህም 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል” ይላል። ለሴቷ ደግሞ “የቢኪኒ ሙታንታ ልበሺ፤ ከገላሽ ይጣበቅ፤ ወደ ላይ ሽቅብ የተቆረጠ ይሁን፤ የጎኑ ስፋት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ” ይላል። አያችሁልኝ? ያው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ለወንዱ ከጉልበት በላይ ያለች ክፍተት ናት፤ ለሴቷ ግን ዳሌዋ ላይ የምትቀረው ጨርቅ ሁሉ ናት።

የኖርዌይ ሴቶች “አሁንስ በዛ” አሉና ለነሐስ ሜዳሊያ በተደረገው ጨዋታ ቁምጣ ለብሰው ገቡ። ምን ሆኑ? ለእያንዳንዳቸው 150፣ በድምሩ 1,500 ዩሮ ተቀጡ። ጥፋታቸው “ተገቢ ያልሆነ አለባበስ” ነበር። ልብ አድርጉልኝ፤ የተቀጡት ስለሸፈኑ ነው።

በዚያው ሰሞን እንግሊዝ አገር ሌላ ነገር ሆነ። ኦሊቪያ ብሪን የምትባል የዌልስ የፓራሊምፒክ አትሌት የርዝመት ዝላይ ውድድሯን እንደጨረሰች አንዲት ኃላፊ ጠጋ ብለው “የለበስሽው ቁምጣ በጣም አጥሯል፤ ተገቢ አይደለም” ሲሉ ገሠጿት። እዚያ ማዶ ረዘመ፤ እዚህ ማዶ አጠረ። የኖርዌይዋ የብሪንን፣ ብሪን የኖርዌይዋን ቢለብሱ ኖሮ ሁለቱም ከወቀሳ ይድኑ ነበር ማለት ነው። ይኼን ሕግ የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ቧልት እለዋለሁ።

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማልምራቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ “ይህን ታሪክ የምናየው በማን ዓይን ነው?” የሚል። በሙያው ቋንቋ አንጻር የምንለው ነው። ደንብም እንደ ልቦለድ ተራኪ አለው። እስቲ ያንን የእጅ ኳስ ደንብ እንደገና አንብቡት። “የተጣበቀ”፣ “ሽቅብ የተቆረጠ” የሚሉት ቅጽሎች ከማን አፍ የወጡ ይመስላችኋል? ኳሷን ከምትወረውረው ልጅ? ኳስ ለመወርወር የሙታንታ አቆራረጥ ምን ይረባል? ተራኪው ሜዳው ውስጥ የለም። መቀመጫው ላይ ተደላድሎ የሚያይ ሰውዬ ነው፤ ደንቡም የተጻፈው ለእሱ ዓይን ምቾት ነው።

ሰውዬው ደግሞ አንዳንዴ ራሱን መደበቅም አይፈልግም። የፊፋው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሴፕ ብላተር በ2004 ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ጠበብ ያለ ቁምጣ ቢለብሱ ጨዋታው ይበልጥ ይስባል የሚል ምክር ለግሰው ዓለምን አስቀውም አስቆጥተውም ነበር። የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን በ2011 ሴቶቹ በትልልቅ ውድድሮች ላይ የግድ ቀሚስ እንዲለብሱ ደንብ አውጥቶ፣ ጩኸቱ ሲበረታበት በ2012 ተወው። የእጅ ኳሱም ፌዴሬሽን ቢሆን ከዓለም ትዝብት በኋላ ቢኪኒውን አንስቶ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ቁምጣ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ አዲሱ ደንብ የሴቷ ቁምጣ “አጭርና ጥብቅ” እንዲሆን ነው ያዘዘው። ጨርቁ ተቀየረ፤ ቅጽሉ ግን ከነተራኪው ቦታው ላይ ቀረ።

ይኼን ያነበበ የአገሬ ሰው “አየህ የፈረንጅን ብልግና! ሴትን እርቃኗን ካላስኬዱ አይሆንላቸውም” ብሎ ሊያጨበጭብልኝ ይሆናል። ቀስ በል ወዳጄ፤ ጭብጨባህን ለጊዜው በኪስህ አቆይልኝ። ሜትር ይዞ ሜዳ የሚገባ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ የሚለካው ለማሳጠር ነው፤ ሌላው የሚለካው ለማስረዘም ነው። ሁለቱ በአደባባይ ሲሰዳደቡ ጠላት ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የኢራንን ሴቶች ተመልከቱ። በ2011 የኢራን ሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ለለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያ ከዮርዳኖስ ጋር ሊጫወት አማን ገባ። ራሳቸውን የሚሸፍነው መለያ ከፊፋ ደንብ ጋር አይሄድም ተባለና ጨዋታው ሳይካሄድ ተሸናፊ ተደረጉ። አንገት ላይ አደጋ ያመጣል የሚል ነበር አንዱ ማመካኛ። በ2014 ያው የእግር ኳስ ሕግ አውጪ አካል ራስ መሸፈንን ፈቀደ። ታዲያ የእነዚያ ልጆች የለንደን ሕልም በምን ይካሣል? አሁን ደግሞ ወደ 2022 እንምጣ። ኤልናዝ ረካቢ የምትባል ኢራናዊት የግድግዳ መውጣት ስፖርተኛ ሴኡል ላይ ያለ ሂጃብ ተወዳደረች። ማህሳ አሚኒ በሂጃብ ሰበብ በፖሊስ ተይዛ ከሞተች አንድ ወር ገደማ ነበር። ዓለም በሙሉ ስለ ረካቢ ደህንነት ተጨነቀ፤ ልጅቱም ሂጃቡ ሳታስበው እንደወደቀ የሚገልጽ ቃል ለመስጠት በቃች። የአንዲት አገር ልጆች ናቸው። አማን ላይ በመሸፈናቸው ከሜዳ ተባረሩ፤ ሴኡል ላይ ባለመሸፈኗ የቤቷ መንገድ አስፈራ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው።

ነጻነትን ለዓለም አስተማርኩ የምትለዋ ፈረንሳይስ? የእግር ኳስ ፌዴሬሽኗ ሂጃብ የለበሰች ሴት በውድድር እንዳትጫወት ከልክሏል። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በ2023 ክልከላውን አጸናው፤ ጨዋታዎች ያለ ግጭት እንዲካሄዱ ይረዳል በሚል። እንዴት ያለ ነገር ነው? ሻሽ አይቶ የሚረብሽ ሰው ካለ፣ ከሜዳ መውጣት ያለበት ረባሹ ነው ወይስ ሻሽ ያሰረችው? በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክም ፈረንሳይን የወከሉ ሴቶች ሂጃብ እንዳይለብሱ ተከለከሉ። ሯጯ ሱንካምባ ሲላ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የተሳተፈችው ኮፍያ ደፍታ ነው።

በዚያው ኦሊምፒክ መጨረሻ ቀን የሆነውን ግን እኛ እዚህ ሆነን ያየነው ይመስለኛል። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ወደ ኔዘርላንድ የሄደችው ሲፋን ሐሰን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሳ የእኛዋን ትዕግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀደመቻት። እኛ በክርኗ ስንጨቃጨቅ፣ ክስ ስናቀርብ፣ ክሱም ውድቅ ሲሆንብን፣ አንድ ትልቅ ነገር አለፈን። ሲፋን ማራቶኑን የሮጠችው ራሷን ሳትሸፍን ነው። በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ሜዳሊያዋን ለመቀበል የቆመችው ግን ሂጃብ ለብሳ ነው። ያንኑ ራስ፣ በዚያው ቀን፣ ሲያሻት ገልጣ ሮጠች፤ ሲያሻት ሸፍና ወርቅ አጠለቀች። ለፈረንሳይ ብትሮጥ ኖሮ ሁለተኛውን አታደርገውም ነበር፤ ለኢራን ብትሮጥ ኖሮ የመጀመሪያውን አታደርገውም ነበር። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ብዙ ክርክር አንብቤአለሁ፤ ከዚያች አንዲት ቀን የበለጠ ያስረዳኝ የለም።

አንድ ክርክር የማያመልጠው ወዳጄ ይኼን ሁሉ ካዳመጠኝ በኋላ “ቡድን ቡድን ነው፤ መለያ የሌለው ቡድን አለ እንዴ?” አለኝ። መለያማ ይኑር! መለያ ማለት ቀለምና ቁጥር ነው። ዳኛው አረንጓዴዋን ከቢጫዋ እንዲለይ የሙታንታዋ ስፋት መለካት የለበትም። “እሺ፤ እርቃኗን ልሩጥ ብትልስ?” አለኝ። ለዚህ መልሱ አጠገባችን ነው። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ስለ ልብስ የሚለው ባጭሩ፣ ንጹሕ ይሁን፣ ነውር በማይሆን መንገድ ይለበስ፣ ቢረጥብም ገላን አያሳይ ነው። ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። “ነውር” የምትለዋ ቃል አሻሚ መሆኗን አልክድም፤ ብሪንን የገሠጿት ዓይነት ሰው እንዳሻው ሊጎትታት ይችላል። ቢሆንም በዚህ ደንብ ሥር አንዷ በአጭር ቁምጣ፣ ሌላዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሸፍና እጎን ለጎን ሲሮጡ አይተናል። ስፖርቱ ፈረሰ?

የወዳጄ ሦስተኛው ጥያቄ ግን የዋዛ አልነበረም። “ሂጃቡን ወዳ ሳይሆን አባቷና ወንድሟ አስገድደዋት የለበሰችውስ? ክልከላው እኮ እሷን ነጻ ያወጣል” አለኝ። እንዲህ ያለች ልጅ የለችም አልልም፤ አለች። ግን አስቡት። ሻሽሽን ካላወለቅሽ አትጫወቺም ስትባል አባቷ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? “እንግዲያው ቤትሽ ተቀመጪ” ነው የሚላት። አሠልጣኝ፣ ጓደኛ፣ የቡድን ጉዞ፣ ከሰፈሯ ውጭ ያለ ዓለም፣ ይኼ ሁሉ በአንድ ቀን ይዘጋባታል። ላዳናት ያለው ደንብ ላስገደዷት ሰዎች ቁልፉን አስረክቦ ሄደ ማለት ነው። የተገደደችም ሆነች የወደደች፣ ሁለቱም የሚጠቀሙት ሜዳው ክፍት ሲሆን ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ የእኛም እጅ ከሜትር የጸዳ አይደለም። በ1968 ስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ ሚኒስከርት የታየበት የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ የተማሪዎች ተቃውሞ ትልቅ ግርግር አስነስቶ ነበር። እኔ ያልደረስኩበት ዘመን ነው። ሆኖም ስለዚያ ቀን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ባህላችን በፈረንጅ ልብስ ተደፈረ ብለው ከተቆጡት ወንዶች መካከል ስንቱ ኮትና ሱሪ ለብሶ እንደነበር ነው። የወንዱ ኮት ሥልጣኔ፣ የሴቷ ቀሚስ የባህል ወረራ! ባህል የሚባለው ሸክም ሁልጊዜ እሷ ትከሻ ላይ ለምን እንደሚወድቅ የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬስ? በ1992 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በቁምጣና በካናቴራ ሮጣ ወርቅ ስታመጣ አገር በእልልታ አበደ። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሜዳ፣ አልጄሪያዊቷ ሐሲባ ቡልመርካ በ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ ያገሯ አክራሪዎች እግሯን አሳይታ ሮጠች ብለው ሲዝቱባት ኖረው ነው። እኛ በደራርቱ አልዛትንም፤ እሰየው። ሆኖም ለቁምጣ ለባሿ ጀግና ቦሌ ድረስ ወጥቶ የሚያጨበጭብ አባት፣ የገዛ ልጁ በቁምጣ ወደ ሰፈሩ ሜዳ ስትወጣ “ሰው ምን ይላል?” ይላታል። ኳስ ካማራት “ወንዳ ወንድ” ትባላለች። ራሷን ተሸፋፍና ልጫወት ካለች ደግሞ “ይኼ መስጊድ መሰለሽ እንዴ?” የሚላት አይጠፋም። ሁሉም “ለክብርሽ ብዬ ነው” ይላታል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት!

ስለዚህ ደንብ አውጪዎችን፣ አሠልጣኞችንና አባቶችን የምጠይቃቸው ከባድ ነገር አይደለም። ልብሱ እሷን ወይም ሌላ ተጫዋች ይጎዳል? ያልተገባ ብልጫ ይሰጣታል? ለእነዚህ መልሱ “አዎ” ከሆነ በማስረጃ አሳዩንና ለወንዱም ለሴቷም እኩል ከልክሉ። መልሱ “አይ” ከሆነ ሜትሩን ጠቅልሉና ለልብስ ሰፊው መልሱለት፤ እሱ ቢያንስ ከመለካቱ በፊት “ምን ያህል ይርዘምልሽ?” ብሎ ይጠይቃል።