ስለ ኵላሊት ጠባሳ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ደም ግፊት ጽፈን ነበርና፥ ዛሬ ደግሞ ግፊት በዝምታ ስለሚጎዳው ስለ ኵላሊት ጥቂት ቃል ልንጨምር ወደድን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኵላሊት መጠኑ ከጭብጥ አይበልጥም፤ ሥራው ግን እጅግ ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ኵላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ካጣሩ በኋላ፥ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህሉን ብቻ ሽንት አድርገው አስወጥተው የቀረውን ወደ ደም ይመልሳሉ። ከማጣሪያዎቹ አንዱ ፈጽሞ ቢጠፋ ሌላ አይተካለትም። የቀሩት የርሱን ድርሻ ይሸከማሉና፥ ባለቤቱ እኩሌታው እስኪጠፋ ድረስ እንኳ ምንም ሳይሰማው ይኖራል።

የጠባሳው አመጣጥ እንዲህ ነው። ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ማጣሪያውን በጎዳው ጊዜ የተጎዳው ሕዋስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ነጋሪት እንደሚጎሰምና ክተት እንደሚታወጅ፥ እርሱም የጥሪ መልእክት ይልካል። በጥሪውም ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰበሰቡና የሞተውን ይጠርጋሉ። ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል። በቶሎ የተፈጸመ እንደ ሆነ ሠራዊቱ ይበተናል፥ ሥፍራውም ይድናል። ነገር ግን ግፊቱ ወይም ስኳሩ በየቀኑ የሚያቈስል ከሆነ ነጋሪቱ አያርፍም፥ የተጠራውም ሠራዊት ወደ አገሩ አይመለስም። ብዙ ዘመን በአንድ አውራጃ የሰፈረ ጦር ባላገሩን ምን እንዳደረገው አንባቢዎቻችን ከታሪክ ያውቁታል።

ከመልእክቶቹ መካከል ለጠባሳ ዋነኛው ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው ነው። ይህ በቧንቧዎቹ መካከል የሚገኙትን ሕዋሳት ጠባሳ ሠሪዎች ያደርጋቸዋል፤ እነርሱም ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር ያመርታሉ። ለእጅ ቍስል ይህ ክር መጠገኛ ነው፤ በኵላሊት ውስጥ ግን በበዛ ጊዜ ቧንቧዎቹን ያንቃል፥ ቀጫጭኑንም የደም ሥር ያጠፋል። ደም ያጣው ጎረቤት ሕዋስም በተራው ተጎድቶ አዲስ ጥሪ ያሰማል።

በ1990 ዌይን ቦርደርና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ይህን መልእክት ቢያግዱት ጠባሳው ቀነሰ። ተስፋውም ታላቅ ነበር። በኋላ ግን በስኳር በሽታ ኵላሊታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ መድኃኒት ተሞክሮ ጥቅም ስላልታየበት ሙከራው ተቋረጠ። ነገሩ አያስደንቅም፤ ይኸው መልእክት ጠባሳ ሠሪ ብቻ ሳይሆን ብግነትን አብራጅም ነውና።

የተሻለ ፍሬ የተገኘው ከነጋሪት መቺው ዘንድ ነው። አንጂዮቴንሲን የተባለው ንጥረ ነገር የደም ሥርን ከማጥበቡ ሌላ ብግነትንና ጠባሳን ያነሣሣል። በ1993 በታተመ ጥናት፥ ከ409 የስኳር ሕሙማን መካከል ይህን ንጥረ ነገር የሚቀንሰውን ካፕቶፕሪልን የወሰዱት፥ ለሞት፥ ለኵላሊት እጥበትና ለንቅለ ተከላ የመድረሳቸው አደጋ በእኩሌታ ያህል ቀንሶ ተገኘ። እርጉዝ ሴት ግን ይህን መድኃኒት አትወስድም።

መድኃኒቱ በብዛት የሚረዳው ጠባሳው ሳይሰፋ ነው። በሎንዶን የጋይስ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ሪቻርድ ብራይት በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውነት እብጠትን፥ አልቡሚን ያለበትን ሽንትና የታመመ ኵላሊትን አንድ ላይ አያይዞ ገለጸ፤ ሽንቱንም በማንኪያ አድርጎ በሻማ ላይ ሲያሞቀው እንደ እንቍላል ነጭ ይረጋ ነበር። ዛሬ ማንኪያና ሻማ አያስፈልግም፤ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ሽንቱንና ደሙን ቢያስመረምር ይበቃል።

በየቤቱ ወገቡን ያመመው ሰው «ኵላሊቴን አመመኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። የምንናገርለት ጠባሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ይባስ ብሎ ይህ ሰው ለወገቡ ሲል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለወራት የሚውጠው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ወደ ኵላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ፥ ታሟል ያለውን ኵላሊት በእውነት የሚጎዳው ራሱ ይሆናል።