ዳጉ ለፈተና፤ ወሬ ለመኝታ ቤት

«ልጅህ በዩኒቨርስቲ ምን ይማራል?» ተብሎ የተጠየቀ አባት «ኮሙኒኬሽን» ብሎ ቢመልስ፣ ጠያቂው «እሰይ! ቴሌ ሊገባልህ ነዋ» ማለቱ የታወቀ ነው። እኛም የኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን በሄድን ቍጥር የተሰበረ ስልክና የማይናገር ሬዲዮ ተሰብስቦ ይጠብቀናል። «የምንማረውስ ሰውና ሰው ስለሚገናኝበት ነገር እንጂ ስለ ሽቦ አይደለም» ብለን ስናስረዳ፣ ጎረቤቶቻችን «ታዲያ ይህ ደግሞ ይማሩታል እንዴ?» ይሉናል። እስከ አሁን በዚህ ስንስቅ ኖረናል። ባለፈው መንፈቅ ከደረሰብን ነገር በኋላ ግን የጎረቤቶቻችን ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑን ተረዳን። በእርግጥ ይህን ነገር ተምረነዋልን?

ለማያውቁን የሌላ ክፍል ጓደኞቻችን ውሎአችንን በአጭሩ እንንገር። ጧት ለዳቦና ለሻይ እንሰለፋለን። ከ2 ሰዓት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚሰጠንን ትምህርት እየሰማን፣ ከሀንድአውቱ ላይ ወደ ደብተራችን እንገለብጣለን። ካሜራው አንድ፣ ተማሪው ብዙ ስለ ሆነ አንዱ ይዞ ሲያነሣ ሌሎቻችን ዙሪያውን ቆመን «ተማርን» እንላለን። ከሰዓት በኋላ የግሩፕ ሥራ አለ፤ ይኸውም አንዱ ሠርቶ አምስቱ የሚፈርሙበት ማለት ነው። እራት ሽሮ ወይም ምስር ነው። ማታ ስምንት ሆነን በተደራረቡ አልጋዎች ላይ እንወጣለን፤ በአንድ ሶኬት ላይ ስምንት ስልክ ይሰካል። እውነተኛው የኮሙኒኬሽን ሥራችን የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው፤ አስተማሪም ፈተናም የለውም።

በክፍል ውስጥ የምንማረው ነገር ትንሽ አይደለም። ሃሮልድ ላስዌል በ1948 እ.ኤ.አ. ያስቀመጣቸውን አምስት ጥያቄዎች፣ ማን፣ ምን፣ በምን መንገድ፣ ለማን፣ በምን ውጤት የሚሉትን፣ በ1ኛ ዓመት ደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፈናቸዋል። ዴቪድ ማኒንግ ዋይት በ1950 እ.ኤ.አ. አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ የትኛውን ዜና አሳልፎ የትኛውን እንደሚያስቀር መርምሮ የጻፈውን የበር ጠባቂነት ጥናት እናውቃለን። ኦልፖርትና ፖስትማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1947 እ.ኤ.አ. ስለ ወሬ በጻፉት መጽሐፍ ወሬ የሚያብጠው ጉዳዩ ለሰሚው ከባድ ሲሆንና እውነቱ ደግሞ በጨለማ ሲሸፈን ነው ማለታቸውንም እናውቃለን። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቍጥር 1185/2012ን ከነአንቀጹ አጥንተናል።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለን የአገራችን የሆነው የአፋሮች ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ከሰላምታ በኋላ ጊዜ ወስደው ዜና ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ሰላምና ስለ ጠብ ይጠያየቃሉ። በዚህ ጊዜ በዐይን የታየው ከተሰማው ይለያል፤ የተሰማውም ከማን እንደ ተሰማ ይጠየቃል። የሰሙትን ዜና አለማካፈል ነውር እንደ ሆነ ሁሉ ሐሰት መናገርም በጎሣው ዘንድ ያስወቅሳል፣ ያስቀጣል። በእንዲህ ያለ ምድር የውሸት ወሬ አምኖ መንገዱን የቀየረ ሰው ከብቶቹን ሊያጣ ይችላልና ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የተማርነው እኛ ያደረግነውን ስሙ።

ባለፈው መንፈቅ የአጋማሽ ፈተና ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በስልኮቻችን አንድ መልእክት ደረሰ። «የካፌው ውሃ ተመርዟል፤ አንድ ተማሪ በአምቡላንስ ተወስዷል» ይላል። ውሃው በዚያን ምሽት በእርግጥ እንግዳ ሽታ ነበረው፤ በእራት ላይ ሁላችንም ቀምሰነዋል። አምቡላንሱንም በዐይኑ ያየ ነበር። በክፍላችን ካለነው ስምንት ተማሪዎች ሰባታችን መልእክቱን ወዲያው ለሌላ አስተላለፍነው። ስምንተኛው ያላስተላለፈው ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ስለ ነበረ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ መልእክት ዞሮ ወደ እኛ ሲመለስ አላወቅነውም። አንዱ ታማሚ ሦስት ሆኗል፤ ሦስቱም ሞተዋል ተብሏል። ከሁሉም የከፋው ግን «መርዙን የጨመሩት የእነ እገሌ ልጆች ናቸው» የሚል ቃል ከነብሔሩ ስም ገብቶበታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በደረጃ ላይ በነበረው ሩጫ አንዲት የ1ኛ ዓመት ተማሪ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። በአንዱ ሕንፃ ልጆች በራቸውን በአልጋ ዘግተው፣ ዱላ ይዘው ሲጠባበቁ አደሩ። ከእኛው ክፍል አንዲት እኅታችን ሌሊቱን ሻንጣዋን አሥራ ጎሕ ሲቀድ ወደ መናኸሪያ ሄደች፤ ፈተናውም አለፋት።

በነጋታው ከመካከላችን ሁለት ልጆች ወደ ወጥ ቤቱ ሄደው ከሚያበስሉት እናቶች አንዷን «እማማ፣ ውሃው ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ከዚያው ቧንቧ በጣሳ ቀድተው ጠጡና «የበረኪና ሽታ ነው ልጆቼ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ታንከሩን አጥበውት ነው። ማንም አልነገራችሁም እንዴ?» አሉ። በአምቡላንስ የተወሰደውም ልጅ ትርፍ አንጀት ታሞ ኖሮ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ድኗል።

ከመኝታ ቤታችን እስከ ወጥ ቤቱ የ5 ደቂቃ መንገድ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ዶሮዋ ግን የኮሙኒኬሽን ተማሪ አልነበረችም።

ከሦስት ቀን በኋላ በተሰጠው ፈተና ላይ «ዳጉ ምን እንደ ሆነ አብራሩ» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁላችንም በሚገባ መለስን። ጥሩ ነጥብም አገኘንበት። ይህን ስንጽፍ የሚያሳፍረን እርሱ ነው። የበረሓው እረኛ በሕይወቱ የሚኖርበትን ነገር እኛ ለነጥብ አጥንተን በነጋታው እንረሳዋለን።

ይህ ነገር በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርስቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። የዚያ ሁሉ ምክንያት ወሬ ብቻ ነበር አንልም። ነገር ግን ደረቅ ሣር ባለበት ቦታ ክብሪት የጫረ ሰው «ሣሩን ያደረቅሁት እኔ አይደለሁም» ቢል አይሰማም። በዚያች ሌሊት እኛ ሰባታችን ክብሪት ጫሪዎች ነበርን። እሳት ያልተነሣው በጥበባችን ሳይሆን በዕድል ነው።

አንዳንዶች «ለጓደኞቻችን አስበን እንጂ ለክፋት አላስተላለፍነውም» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኛም ያስተላለፍነው አስበን ነው። ነገር ግን ለጓደኛው ያሰበ ሰው 5 ደቂቃ ይራመዳል፤ አውራ ጣቱን ብቻ አያንቀሳቅስም። ሌሎችም «ሕግ አለ፤ ሕጉ ይቅጣ» ይላሉ። ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሕግ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በመኝታ ቤት ውስጥ አይገኝም። በዚያ ሰዓት ያለነው እኛ ነን።

«ዛሬ ማንም በስልኩ ጋዜጠኛ ነው፤ እኛ ብቻችንን ምን እናደርጋለን?» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው ከተማሪዎች ታሪክ ነው። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ይታተም በነበረው «ታገል» በተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. የጻፈውን ጽሑፍ ያልሰማ የለም። በሐሳቡ የሚስማማም የሚቃወምም ዛሬም ሞልቷል። ነገር ግን ጽሑፉን በስሙ አውጥቶታል፤ ሊጠይቀው የፈለገም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። ያ የውሃው መልእክት ግን ስም አልነበረውም። ይህች በማባዣ የምትወጣ ወረቀታችንም ለአንባቢ ከመድረሷ በፊት በጸሐፊው፣ በአዘጋጁና በሚያባዛው እጅ ታልፋለች፤ ስሕተት ቢገኝባት የሚጠየቅ አላት። ስም የሌለውን ነገር አለማስተላለፍ ለማንም የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ይህን ካልን በኋላ ጥፋቱን ሁሉ በራሳችን ላይ ብቻ ጭነን ዝም ብንል እውነቱን ግማሽ ማድረግ ይሆናል። አንድ ወረቀት ላይ «ዛሬ ታንከር ስለሚታጠብ ውሃው የበረኪና ሽታ ይኖረዋል» ተብሎ በካፌው በር ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ያች ሌሊት ባልኖረች ነበር። ኦልፖርትና ፖስትማን የተናገሩት ጨለማ እርሱ ነው። አስተዳዳሪዎቻችን ወሬ ሲነሣ «ወሬኞች» ብለው ይቈጡናል፤ ነገር ግን የአስተዳደር ዝምታ ለወሬ እንደ ዝናብ ነው፣ ያበቅለዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አስተዳደሩ ውሃን፣ ምግብን፣ ሕክምናንና ፀጥታን የሚመለከት ነገር በሆነ ጊዜ በዚያው ቀን በአጭር ማስታወቂያ ያሳውቀን፤ በማታም ደውለን የምንጠይቀው አንድ ተረኛ ሰው ይመድብልን። መምህሮቻችን የግሩፕ ሥራ ሲሰጡን፣ አምስቱ ከሚፈርሙበት ጽሑፍ ይልቅ በዚህ ግቢ የተነሣን አንድ ወሬ ተከታትለን ምንጩን እንድናገኝ ያድርጉን፤ ነጥቡንም ለዚያ ይስጡ። እኛም ተማሪዎች በካፌው በር አጠገብ ሰሌዳ እናቁም። «ወሬውን ስትጽፉት ታበዙታላችሁ» ለሚሉን፣ የተገኘው እውነት ከላይ በትልቁ፣ የተባለው ከታች በትንሹ፣ ያጣራው ተማሪ ስምም ከግርጌው ይጻፍ እንላለን።

ሰሌዳው እስኪቆም ድረስ ግን ማንም ሳይፈቅድልን ዛሬ ማታ ልንጀምረው የምንችለው ነገር አለ። መልእክት ሲደርሰን አፋሩ መንገደኛ እንደሚጠይቀው እንጠይቅ፦ አየኸው ወይስ ሰማኸው? ከማን? መልስ ከሌለው እዚያው ይቅር። መልስ ካለው ተነሥተን እንሂድና እንይ። ወጥ ቤቱ ሩቅ አይደለም።