መኪናዋ ዳገት ላይ ለምን ትቆማለች?

የሙያ ዓምድ

በገጠር አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ብዙ ሥራ ትሠራለች። እህል ወደ ገበያ ታደርሳለች። ማዳበሪያ ታመጣለች። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖር ወደ ጤና ጣቢያ የምትወስዳት እሷው ናት። ታዲያ ይህች መኪና ዳገት ላይ ቀጥ ብትል የሚጎዳው ባለቤቷ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። ሁላችንም እንጎዳለን።

ዛሬ የምንነጋገረው በቤንዚን ስለሚሠሩ፣ ካርቡሬተር ስላላቸው አሮጌ ፒክአፖች ነው። ናፍጣ የሚጠጡትና አዳዲሶቹ መኪናዎች ግን ሌላ ናቸው። በነሱ ቱቦ ውስጥ ያለው ነዳጅ ኃይለኛ ግፊት ሊኖረው ይችላል። እዚህ የተጻፈውን በነሱ ላይ አትሞክሩ።

ቤንዚኑ እንዴት ይጓዛል?

ቤንዚኑ የሚቀመጠው ከኋላ፣ ሰልባትዮ በሚባለው መያዣ ውስጥ ነው። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ይመጣል። በፊልትሮ ይጣራል። ከዚያ ወደ ፖምፓው ይገባል። ፖምፓው ወደ ካርቡሬተር ይልከዋል።

ፖምፓው የሚሠራው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። ሆዱ ውስጥ ስስ ላስቲክ አለ። ሞተሩ ሲዞር የፖምፓውን ክንድ ይገፋል። ያን ጊዜ ላስቲኩ ይሳብና ቤንዚን ይመጥጣል። ቀጥሎ ሞላው ላስቲኩን ይመልሰዋል። ቤንዚኑም ተገፍቶ ይወጣል። ሁለት ትንንሽ መዝጊያዎችም አሉ። አንዱ ያስገባል፤ አንዱ ያስወጣል። ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዲመለስ አይፈቅዱም።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ከፖምፓው በፊት ያለው ቱቦ የሚመጥጥ ነው። ከፖምፓው በኋላ ያለው ቱቦ የሚገፋ ነው። የሚመጥጠው ቱቦ ቢሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ቤንዚን አያፈስም። አየር ያስገባል እንጂ። በተሰነጠቀ ሸምበቆ ውሃ ለመምጠጥ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አየር ብቻ ይመጣል። ይህም እንደዚያው ነው። የሚገፋው ቱቦ ሲሰነጠቅ ግን ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። ይህ እሳት ነው!

ሜዳ ላይ ሞተሩ ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል። ዳገት ላይ ብዙ ይፈልጋል። መንገዱ ከተዘጋ ወይም ፖምፓው ከደከመ አይደርሰውም። መኪናዋ ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች። ጥቂት አርፋ ትነሣለች፤ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ፖምፓው ሞተ» ብሎ አዲስ ለመግዛት ይሮጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ፖምፓ ከመግዛት በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ መፈለግ ይገባል።

ከመጀመራችን በፊት

የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ በቀን ይሁን። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሲጋራ፣ ኩራዝ፣ ምድጃ በአካባቢው አይኑር። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር አጠገባችሁ አስቀምጡ። በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ አይደፋም፤ እሳቱን ያስፋፋዋል።

ቤንዚን በአፍ አትሳቡ። ወደ ሳንባ ቢገባ ይገድላል። የዋጠ ሰው ካለም እንዲያስታውክ አታድርጉ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጥፋቱን መፈለግ

1ኛ. ቤንዚን መኖሩን አረጋግጡ። የቤንዚን ቆጣሪው ሊዋሽ ይችላል።

2ኛ. የሰልባትዮውን ክዳን እዩ። ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለ። በጭቃ ከተደፈነ ቤንዚኑ አይመጣም። መኪናዋ ስትቆም ክዳኑን ክፈቱ። «ፍሽ» ብሎ አየር ከገባና መኪናዋ ደህና ከሄደች ጥፋቱ ክዳኑ ነው።

3ኛ. ፊልትሮውን እዩ። ከቆሸሸ ለውጡት። ዋጋው ከፖምፓ ዋጋ በጣም ያንሳል።

4ኛ. ቱቦውን ከኋላ እስከ ፊት በዓይንና በእጅ ተከተሉት። የተሰነጠቀ ጎማ፣ የዛገ ብረት፣ የላላ ማሰሪያ ፈልጉ። ቱቦው የጢስ መውጫውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ቤንዚን በሙቀት ውስጡ ይፈላል። ፖምፓው ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም። እንዲህ ሲሆን ቆማችሁ ኮፈኑን ክፈቱ፤ እስኪበርድ ጠብቁ። በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግም ይረዳል።

5ኛ. ፖምፓውን ፈትኑ። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹ እሳት እንዳይሰጡ ከማስነሻው ቁልፍ ወደ ቦቢናው የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉ። ጫፉ ብረት እንዳይነካ ጠቅልሉት። ከዚያ ወደ ካርቡሬተር የሚገባውን ቱቦ ፈትታችሁ ጫፉን በጀሪካን ውስጥ አድርጉ። ሌላ ሰው ሞተሩን ለጥቂት ሴኮንድ ያዙር። ቤንዚኑ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ በኃይል ከወጣ ፖምፓው ደህና ነው። ጥፋቱን ከካርቡሬተር ወዲያ ፈልጉ።

በደካማው ከወጣ ወይም ከናካቴው ካልወጣስ? አሁንም አትቸኩሉ። ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ፈትታችሁ በጥሩ አጭር ቱቦ ተኩት። የዚህን ጫፍ ንጹሕ ቤንዚን ባለበት ሌላ ጀሪካን ውስጥ ንከሩ። እንደገና አዙሩ። አሁን ደህና ከወጣ የተበላሸው የኋላው ቱቦ ነው። አሁንም ካልወጣ ፖምፓው ራሱ ነው።

መጠገን

የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ይለወጣል እንጂ አይጠቀለልም። ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ግዙ። የውሃ ቱቦና የከመነዳሪ ቁራጭ ቤንዚን ያበላሸዋል። ጫፉን በሽቦ አትሰሩ፤ ሽቦ ጎማውን ይቆርጣል። በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ተጠቀሙ። ቱቦው ከተደፈነ ከፖምፓው በኩል ንቀሉት፤ ፊልትሮውንም አውጡ። የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱና በጎማ መንፊያ ወደ ኋላ ንፉበት። ባዶ ነው ብላችሁ ሰልባትዮ አታስበይዱ። የቀረው እንፋሎት ይፈነዳል።

ፖምፓው ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የቱቦዎቹን ጫፍ ድፈኑ። ፖምፓውን የያዙትን ብሎኖች ፈትታችሁ አውጡ። የድሮውን ጓርኒሲዮን ጠርጉና አዲስ አድርጉ። የአዲሱ ፖምፓ ክንድ ቦታው ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት። በግድ ብሎን አጥብቃችሁ አታስገቡት፤ ክንዱ ይሰበራል። ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ እኩል አጥብቁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የፖምፓው ላስቲክ ተቀዶ ከነበረ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት ሊገባ ይችላል። የዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ አሽቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ዘይቱ ከልኩ ከፍ ካለ ሞተሩን አታስነሡ። መጀመሪያ ዘይቱን ለውጡ።

በመጨረሻም የፈሰሰውን ጠርጉ። ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ አስነሡና እያንዳንዱን መጋጠሚያ እዩ። አንዲት ጠብታ እንኳ ካለች አጥፉ። «እዚህ ቅርብ ነው፣ እንደርሳለን» አይባልም። ከኋላ የተጫኑት ሰዎች ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ጥያቄዎች

1. ከፖምፓው በፊት ያለው ቱቦ ሲሰነጠቅ ምን ይሆናል? ከፖምፓው በኋላ ያለውስ?
2. አዲስ ፖምፓ ከመግዛታችን በፊት ምን ምን እናያለን?
3. በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ የማይደፋው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ያለች መኪና ቱቦ በሽቦ ታስሯል ወይ? ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሩበት።