አጥሩ ምን ጨመረ?

«ጎልፍ? እናንተን ደግሞ ከጎልፍ ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚህ ገጽ ከምንጽፈው መካከል የጎልፍ ክለብ አባል የሆነ የለም፤ በደመወዛችን የመሆን ተስፋም የለንም። ነገሩ የጀመረው በትሪ ነው። አንዷ ባልደረባችን በተማሪነቷ ጊዜ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ የግል ክለብ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሠርግ አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። አንድ ምሽት ሥራ ጨርሳ ስትወጣ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው፤ ሜዳው ላይ ሰው የለም። ሳታስበው ጫማዋን አውልቃ ሃያ እርምጃ ያህል ሣሩ ላይ ተራመደች። ሃያ አንደኛውን አልደረሰችበትም። ጥበቃው መጥቶ፣ ያውም በትህትና፣ ቦታው የአባላት ብቻ መሆኑን ነግሮ መለሳት።

በጥበቃው አልተናደደችም፤ እሱም እንደሷ እንጀራው ነው። የከነከናት «ለመሆኑ እዚያ ውስጥ ምን ቢኖር ነው እንዲህ የሚጠበቀው?» የሚለው ነው። እኛም ጥያቄዋን ተጋራናት። ያገኘነውን አነበብን፤ ከአየር ላይ የተነሱ ፎቶዎችን አፍጥጠን አየን፤ በከተማ ሜዳ ላይ በኪራይ ዱላ ኳስ ስንስት ዋልን። የደረስንበትን ሳንሸፋፍን እንናገር። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ከተሠሩት የግል የጎልፍ ሜዳዎች ምርጥ የሚባሉትን ምርጥ ያደረጋቸው ነገር ከአጥራቸው የመጣ አይደለም። ደስታቸው ከሕዝብ ሜዳ የተቀዳ ነው። የአጥሩ ድርሻ ደስታውን ከብዙው ሰው መደበቅ ነው።

ያለ ማስረጃ እንዳይመስልብን ሜዳን ከሜዳ እናወዳድር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹ መጨረሻ የካዚኖ ባለሀብቱ ስቲቭ ዊን ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ጠፍጣፋ በረሃ ላይ፣ ሻዶው ክሪክ የተባለውን ሜዳ አሠራ። ንድፉ የቶም ፋዚዮ ነው። በረሃው ተቆፈረ፣ ኮረብታ ተከመረ፣ ዛፍ ከሌላ ቦታ ተጭኖ መጥቶ ተተከለ፣ ወንዝና ፏፏቴ ተሠራ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈሰሰበት። መጀመሪያ ላይ የሚጫወቱበት የባለቤቱ እንግዶች ብቻ ነበሩ። አያምርም አንልም። ነገር ግን የሚደንቀው «ይህ ሁሉ በረሃ ላይ!» የሚያሰኘው ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ለወጪው የሚቀርብ አድናቆት እንጂ ለጨዋታው አይደለም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1995፣ ነብራስካ ውስጥ መለን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሳንድ ሂልስ ተከፈተ። እሱም የግል ክለብ ነው። ነዳፊዎቹ ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾ ግን ከግሬደር በፊት እግራቸውን አስቀደሙ። ነፋስ ለዘመናት ሲቀርጸው የኖረውን የአሸዋ ኮረብታ እየዞሩ ለጨዋታ የሚሆን ቦታ ፈለጉ። ከ130 በላይ አገኙ፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን መረጡ። አፈሩን የነኩት በጥቂቱ ነው። ተጫዋች ከዙሩ በፊትና በኋላ አረፍ የሚለው በእብነ በረድ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በአንዲት የእንጨት በረንዳ ላይ ነው። ዛሬ ሳንድ ሂልስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከተሠሩት ሜዳዎች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይመደባል።

ሌላ ጥንድ እንጨምር፤ ሁለቱም የ2006 ልጆች ናቸው። ሊበርቲ ናሽናል ጀርሲ ሲቲ ውስጥ፣ ከነጻነት ሐውልት ትይዩ ተከፈተ። ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣበት በሰፊው ተዘግቧል። በፋብሪካ ዝቃጭ የተበከለ መሬት ማጽዳቱ የሚያስመሰግን ነው፤ አንክድም። ይሁንና በ2009 ታላላቆቹ ባለሙያዎች መጥተው ሲወዳደሩበት ብዙዎቹ አጉረመረሙ፤ በ2013 ውድድሩ ከመመለሱ በፊት ሜዳው መስተካከል ነበረበት። የሐውልቱን ትይዩ በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ ኳስ ደስ እያለ የሚንከባለልበትን መሬት ግን ገንዘብ ብቻውን አይሠራውም።

በዚያው ዓመት ኮሎራዶ ውስጥ ሆልዮክ አጠገብ ቶም ዶክ የነደፈው ባሊኒል ተከፈተ። የሞተር ጋሪ የለም፤ ሁሉም በእግሩ ይሄዳል። የመነሻ ምልክት እንኳን የለም፤ ያለፈውን ጉድጓድ ያሸነፈ ሰው ቀጣዩ ከየት እንደሚጀመር ይመርጣል። ልክ በልጅነታችን ብይ ስንጫወት «እኔ በልቻለሁ፣ ከዚህ ነው የምንጀምረው» እንደምንባባለው።

ታዲያ ደስታው ከምን መጣ? ሁለት ነገሮችን እናንሳ።

የመጀመሪያው ስፋት ነው። ሜዳ ሲጠብ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቀጥ አድርገሽ መታሽ ወይስ አልመታሽም? ካልመታሽ ኳስሽ ጫካ ገብቷል፤ ፍለጋ ነው። ሲሰፋ ግን ጥያቄው ምን ትመርጫለሽ? ይሆናል። እስኪ አስቡት። ፊታችሁ ሰፊ ሣር አለ፤ በስተቀኝ አንድ ባንከር (የአሸዋ ወጥመድ) ተቀምጧል። ደፍሮ ወደ ባንከሩ ጠርዝ ጠጋ አድርጎ የመታ ሰው ለቀጣዩ ምት ባንዲራው ወለል ብሎ ይታየዋል። ፈርቶ ወደ ግራ የሸሸም አልጠፋም፤ ኳሱ ሣር ላይ ነው። ግን ባንዲራው አሁን ከሌላ ባንከር ጀርባ ተደብቆበታል። ሁለቱም ይጫወታሉ፣ ሁለቱም ያስባሉ፣ ሁለቱም ነገ መጥተው ሌላውን መንገድ መሞከር ይፈልጋሉ። ይህ «ነገ ልመለስ» የሚለው ስሜት ነው እንግዲህ የሜዳ ደስታ የምንለው።

ሁለተኛው ጠንካራ መሬት ነው። አሸዋማ መሬት ላይ የሚበቅለው ፌስኪው የተባለው ቀጭን ሣር ብዙ ውኃ አይፈልግም፤ መሬቱ ደረቅ ስለሚል ኳስ አርፎ ይንከባለላል። በየቀኑ ውኃ የሚጠጣ ለስላሳ ሣር ላይ ግን ኳስ በወደቀበት ይቀራል፤ ስለዚህ ርቆ በአየር መላክ የሚችል ጉልበተኛ ብቻ ያተርፋል። ነገሩ እኛን ሴቶቹን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ምታችን አጭር ነው፤ ሽማግሌውም፣ ታዳጊውም እንደኛ ነው። ጠንካራ ሜዳ ላይ አጭር መቺም ኳሷን መሬት ለመሬት አንከባልላ፣ የጉብታውን ዘንበል አስልታ፣ ግሪኑ ላይ ታደርሳለች። ጉልበት ያጣነውን በዓይናችን እናካክሳለን። ለዓመታት «አስቸጋሪ» የሚለው ቃል እንደ ሙገሳ ሲነገርላቸው የኖሩት ጠባብና ረጃጅም ሜዳዎች ግን ከመነሻው «አንቺን አላሰብንሽም» የሚሉ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ስፋቱም፣ ጠንካራው መሬትም፣ ነፋሱም የማን ፈጠራ ናቸው? የስኮትላንዷ የሴንት አንድሩስ ከተማ ሜዳ ናቸው። ኦልድ ኮርስ የሕዝብ መሬት ነው። የመጀመሪያውና የአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ሣር አንድ ላይ ተያይዞ ሰፊ መስክ ይሆናል፤ አብዛኞቹ ጉድጓዶች ግሪናቸውን ለሁለት ይጋራሉ። የሕዝብ መንገድ አቋርጦት ያልፋል። እሁድ በልማድ ጨዋታ የለም፤ ከተሜው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። የዛሬዎቹ ባለዝና ነዳፊዎች ከዚያ መሬት መማራቸውን ራሳቸው አይደብቁም። እንግዲህ ከሕዝብ መስክ የተማሩትን ወስደው በመቶ ሺዎች ዶላር መግቢያ ከሚጠየቅበት በር ጀርባ አስቀመጡት ማለት ነው። ለሌላው ሰው የተረፈው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ይህ ታሪክ ደግሞ አዲስ አይደለም። አሊስተር ማኬንዚ በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ ጥሩ ሜዳ ጀማሪውንም ጭምር የሚያስደስት መሆን እንዳለበት አስተምሯል። ከቦቢ ጆንስ ጋር ኦገስታ ናሽናልን ሲነድፍ ትምህርቱን በተግባር አዋለው፤ በ1933 የተከፈተው ሜዳ ሰፊና ባንከሩ ጥቂት ነበር። ለሁሉም የሚሆን መሬት ለጥቂቶች ተዘጋ። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ የመጀመሪያዎቹን ሴት አባላት ደግሞ በ2012 ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ያለው ዕድሜ ጠገቡ የሙርፊልድ ክለብም በ2016 ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ድምፅ ሰጥቶ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ አልሞላ አለ፤ በ2017 በድጋሚ ድምፅ አለፈ። ሣሩ ሴትን አልከለከለም፤ የከለከለው የበሩ መዝገብ ነው።

«ቆይ እስኪ» የሚለን ይኖራል። «ሰው ሲበዛበት ሜዳ ይጎዳል፣ ወረፋ ይሰለቻል፣ ጸጥታው ራሱ የደስታው ክፍል ነው። ደግሞስ የግል ገንዘብ ባይኖር ሳንድ ሂልስ ይሠራ ነበር?» እውነት አለው። ጸጥታ ደስ ይላል፤ የደፋር ባለሀብት ገንዘብም ለአዲስ ሐሳብ መሞከሪያ ሆኗል። ግን ቀጥሎ የሆነውን እንይ። የሳንድ ሂልስ አባል የነበረው የፖስት ካርድ ነጋዴ ማይክ ካይዘር በ1999 ኦሪገን ጠረፍ ላይ ባንደን ዱንስን ሲከፍት በሩን ለከፈለ ሁሉ ክፍት አደረገው። ጋሪ የለም፣ ቦታው ከትልልቅ ከተሞች ሩቅ ነው፤ ሰው ግን ጎረፈ። በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ታዝማኒያ ደሴት ላይ፣ ድንች በሚመረትበት እርሻ ዳር ባለ የአሸዋ ክምር ላይ ባርንቡግል ዱንስ ተከፈተ፤ እሱም ለሁሉም ነው፤ ከነዳፊዎቹ አንዱም ያው የባሊኒሉ ቶም ዶክ ነው። አንድ እጅ፣ አንድ ዓይነት አሸዋ፣ አንድ ዓይነት ደስታ፤ ልዩነቱ በሩ ብቻ! ባንደን ርካሽ ነው አላልንም፤ የእኛን ኪስ ይጎዳል። ግን ገንዘብ አጠራቅሞ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ በጭራሽ አለመጋበዝ ሌላ ነገር ነው።

ርካሹን ለሚፈልግ ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ዊንተር ፓርክ አለ። ከተማዋ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለውን አሮጌ ሜዳዋን በ2016 በነዚሁ ሐሳቦች አሳደሰችው፤ ስፋት፣ አጭር ሣር፣ ወጣ ገባ ግሪን። መንደር መሀል ነው፤ መንገድ ያልፍበታል። እዚያ ሰው ከሥራ መልስ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል።

ስለዚህ ጥያቄያችን «ክለቦቹ ይፍረሱ» አይደለም። የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ግል ማለት ዝግ ማለት መሆን የለበትም። ሙርፊልድን የሚያህል ክለብ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት እንግዳ ይቀበላል፤ በ2023 ዊስኮንሲን ውስጥ የተከፈተው ሊዶም የግል ሆኖ ሳለ በተወሰኑ ቀናት የአጠገቡን ሪዞርት እንግዶች ያስተናግዳል። ሌሎቹን ምን ያዛቸው? ሁለተኛ፣ የሕዝብ መሬት ለአጥር አይሰጥ። ሊበርቲ ናሽናል ሦስት ጉድጓዶችን ወደ ኬቨን ፖይንት፣ የሕዝብ መናፈሻ ወደሆነው የወፎች ዳርቻ፣ ለማስፋት በጠየቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው ተነስቶ ተቃወመ። ደግ አደረገ። ሦስተኛ፣ «ምርጥ መቶ» እያላችሁ ደረጃ የምታወጡ መጽሔቶች ሆይ፣ መግባት ስለማይቻል ብቻ የሚደነቀውን ሜዳ ከሚያስደስተው ለዩልን። ጥቂት ሰው ያየው ነገር ሁሉ ዕንቁ አይደለም።

እኛ ያደግነው የገና ጨዋታ በሚወደድበት አገር ነው። ዱላና ሩር ነው፤ ሜዳው አጥር የለውም፣ ለዕለቱም ጌታና ሎሌ የሚባል ነገር ይቀራል። ስለዚህ በዱላ ኳስ የመምታት ደስታ ክፍት መስክ እንደሚወድ ለማወቅ አባልነት አላስፈለገንም።

ባልደረባችን ዛሬም ያቺን ምሽት ስታነሳ ስለ ክለቡ አዳራሽ ትዝ የሚላት ነገር የለም። ትዝ የሚላት ሣሩ በባዶ እግሯ ሥር ምን ያህል ጠንካራ እንደነበርና መሬቱ ወደ ታች ዘንበል ሲል ወዴት እንደሚወስድ ለማየት መጓጓቷ ነው። ሃያ እርምጃ በቂ ነበር፤ የሚያስደስተውን ነገር አግኝታዋለች። ከሃያ አንደኛው በኋላ ያለውን ማየት ግን አሁንም ዕዳ ሆኖ ይጠብቃታል።

ቸር እንሰንብት።